አርባ ዕድምተኛና ስምንት መቶ ዕድምተኛ፤ ስለ ሠርግ አኳኋንና ስለ ጫጉላ ጕዞ

የጥር ወር በደረሰ ጊዜ የከበሮና የእልልታ ድምፅ የማይሰማበት ሰፈር የለም። ከልደት በዓል በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ስለ ሆነ፣ ልጁን የሚድር ሁሉ በነዚህ ጥቂት ሳምንቶች ውስጥ ለመፈጸም ይጣደፋል። ለዚህ ገጽ የሚደርሰን ደብዳቤም በዚህ ወራት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይበዛል። አብዛኛዎቹ የሚጠይቁን ስለ ልብስ፣ ስለ ድግስና ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ ሄደው ስለሚሰነብቱበት ስፍራ ነው። ለዛሬ ግን ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር የደረሰንን የአንድ ወጣት ደብዳቤና በኋላ የሆነውን ነገር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንነግር አስበናል፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤት ጭንቀት ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ጸሐፊው በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ትሑት ሰው ነው። ደብዳቤው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «እጮኛዬና እኔ በሐይቅ ዳር አርባ ሰው ብቻ ጠርተን ለመጋባት ተስማምተናል። እርስዋ ቬሎ በመልበስ ፈንታ የአገራችንን የጥበብ ቀሚስ ለብሳ፣ በአበባ ባጌጠ አውቶሞቢል ፈንታ እንደ ጥንቱ በበቅሎ ተቀምጣ ከአባትዋ ቤት እንድትወጣ ትሻለች። አባትዋ ግን ስምንት መቶ ሰው የሚይዝ ድንኳን ካልተተከለ አይሆንም አሉ። የእኔን ድርሻ ተበድሬ ብከፍል ዕዳው እስከ ስድስት ዓመት አይለቀኝም። እርሳቸውን ማስቀየምም አልሻም። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እኛም ደብዳቤውን እንዳነበብን ወጣቱን ደግፈን ለመጻፍ ተዘጋጅተን ነበር። ነገር ግን የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ መፍረድ አግባብ ስላልሆነ፣ ወጣቱን አስፈቅደን የሙሽሪትን አባት ልናነጋግር ሄድን። ሽማግሌው በአክብሮት ተቀብለው ካስተናገዱን በኋላ እንዲህ አሉን፦

«እናንተ የምታስቡት ይህ ሽማግሌ ለታይታ ብሎ ልጆቹን በዕዳ ሊነክር ነው ብላችሁ ይሆናል። እኔ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የስንቱን ሠርግ በላሁ! ባለቤቴ ባረፈች ጊዜ ሰባት ቀን ሙሉ ከቤቴ ሳይወጣ ያደረ ጐረቤት አለኝ። ይህች ልጄ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እያባበለ እህል ያቀመሳት እርሱ ነው። ዛሬ እርስዋን ስድር እርሱን ሳልጠራ ብቀር በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ድንኳኑ ለእኔ ትዕቢት አይደለም፤ ዕዳ መክፈያ ነው።»

ይህን ቃል ከሰማን በኋላ ያዘጋጀነውን ጽሑፍ አጥፈን አስቀመጥነው። ነገሩ የአሮጌና የአዲስ ክርክር አለመሆኑ ተገለጠልን። የሁለት ዕዳ ክርክር ነበር። ወጣቱ የሚፈራው የገንዘብን ዕዳ ነው፤ አባትየው የሚፈሩት የውለታን ዕዳ ነው። ከተለመደው የተለየ ሠርግ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ሁለቱን አብሮ ካላሰበ፣ ወይ ትዳሩን በብድር ይጀምራል፣ ወይ ዘመዱን አስቀይሞ ይጀምራል።

በመጀመሪያ፣ ከጐረቤት የተለየ ሠርግ ማድረግ በራሱ ነውር ነውን? ብለን እንጠይቅ። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ ከፓሪስ አጠገብ ሶ በምትባል ከተማ፣ ለትምህርት ከፖላንድ የመጡት ማሪ ስክሎዶቭስካ የፊዚክስ ሊቅ የነበሩትን ፒየር ኩሪን አገቡ። ድግስ አልተደገሰም፤ ነጭ የሙሽራ ልብስም አልተሰፋም። በከተማው ሹም ፊት ቃላቸውን ሰጥተው፣ በሙሽራው ወላጆች ቤት አትክልት ውስጥ ከጥቂት ዘመድና ወዳጅ ጋር ተደሰቱ። ሙሽሪት የለበሱት ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ነበር፤ እንደዚያ ያለውን የመረጡበትም ምክንያት ከሠርጉ በኋላ በቤተ ሙከራ ሲሠሩ እንዲለብሱት ነው። በስጦታ ባገኙትም ገንዘብ ብስክሌት ገዝተው ብረታኝ የተባለውን የፈረንሳይን የባሕር ዳር አገር እየዞሩ የጫጉላቸውን ጊዜ አሳለፉ። ከብስክሌቶቻቸው ጋር ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በ1898 ዓ.ም. ፖሎኒየምና ራዲየም የተባሉትን ንጥረ ነገሮች አገኙ፤ በ1903 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የሠርጋቸው ማነስ ክብራቸውን አንዳች አልቀነሰውም።

ደግሞም ዛሬ ከጥንት የመጣ ይመስለን የነበረው ነጭ የሙሽራ ልብስ የራሱ የልደት ቀን ያለው ነገር ነው። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ዓ.ም. በየካቲት ወር ልዑል አልበርትን ባገቡ ጊዜ ነጭ ሐር ለበሱ። ከዚያ በፊት በአገራቸው ብዙዎች ሙሽሮች ካላቸው ልብስ የተሻለውን፣ ቀለሙ ምንም ቢሆን፣ ይለብሱ ነበር። ነጩ ልብስ እየተስፋፋ የሄደው ከንግሥቲቱ በኋላ ነው። የልጅ ልጃቸው ልጅ የንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ሴት ልጅ ልዕልት ኤልሳቤጥ በኅዳር ወር 1947 ዓ.ም. ባገቡ ጊዜ ደግሞ፣ ከጦርነቱ የተነሣ ጨርቅ በራሽን ይታደል ስለ ነበረ፣ የሠርግ ልብሳቸው የተገዛው በራሽን ኩፖን ነው። ከሕዝቡ መካከል ብዙ ሴቶች የራሳቸውን ኩፖን ቢልኩላቸው፣ ሕግ አይፈቅድም ተብሎ ለላኪዎቹ ተመለሰ። የንጉሥ ልጅ ኩፖን ቈጥራ ካገባች፣ ደመወዝ የሚቈጥር ሰው ቢቈጥብ ምን ያሳፍረዋል?

እንግዲህ ልብሱና ድግሱ የሚለዋወጥ ከሆነ የማይለወጠው ምንድር ነው? በእኛ አገር የሠርግ ፍሬ ነገር ሦስት ነው እንላለን። አንደኛው የሁለቱ ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው ቃላቸው በምስክር ፊት መሰጠቱ ነው፤ ሦስተኛው ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጕልበት ስመው ምርቃት መቀበላቸው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ሁለቱ ወገኖች 18 ዓመት እንዲሞላቸውና ነፃ ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ያዛል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻም ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት ምስክር ይጠይቃል። ስለዚህ ሕግ የሚሻው አራት ምስክር ነው እንጂ ስምንት መቶ ዕድምተኛ አይደለም። የአባት ጕልበት ለመሳምም ድንኳን አያስፈልግም፤ አንድ ወንበር ይበቃል።

ፍሬው ከተጠበቀ በቀረው ነገር ሙሽሮቹ የልባቸውን ቢያደርጉ የሚነቀፍ አይደለም። ለዚህም የሚረዳ ጥቂት ሐሳብ ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ስለ ልብስ፦ ብዙዎች ሙሽሮች በሠርጉ ቀን ቬሎ ለብሰው የአገራቸውን ልብስና ካባ ለመልስ ያቈያሉ። ለአንድ ቀን የሚከራይ ልብስ በማግሥቱ ይመለሳል፤ የጥበብ ቀሚስ ግን በሣጥን ተቀምጦ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጥሩ ጥበብ በችኰላ አይሠራም። በሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔዎች ዘንድ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ሄዶ፣ የጥለቱን ቀለም ራስ መርጦ ማዘዝ ይገባል። የጥለቱ ቀለም የተለመደው ወርቃማ ብቻ መሆን የለበትም፤ እንደ ጤፍ ቡቃያ ያለ አረንጓዴ ወይም እንደ ወይን ጠጅ ያለ ቀለም ለሙሽሪት ያምራል። ወንዱም የውሰት ሱፍ ከሚለብስ ነጭ እጀ ጠባብ ከኩታ ጋር፣ ብርድ ባለበት ስፍራም በላዩ የመንዝ በርኖስ ቢደርብ ግርማ ይሰጠዋል።

ስለ አካሄድ፦ ጥሩምባ እየነፉ መንገድ የሚዘጉ አውቶሞቢሎች ለሠርገኛው ደስታ፣ ለመንገደኛው ግን መከራ ናቸው። በቅሎና ፈረስ ያጌጠ እንደ ሆነ፣ የሚያየው ሁሉ ቆሞ ይመርቃል። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለን፤ ሙሽሪት በበቅሎ ተቀምጣ የማታውቅ ከሆነች አስቀድማ ሁለት ሦስት ቀን ትለማመድ፤ በቅሎዪቱም ከበሮ የለመደች ትሁን።

ስለ ማዕድ፦ ሙሽሮች በሰይፍ የሚቈርሱት ፎቅ ያለው ኬክ መልካም ነው፤ ነገር ግን በኮባ ቅጠል የተጋገረ ትልቅ ድፎ ዳቦ ሁለቱ ይዘው ቢቈርሱት ከዚያ ያነሰ አይደለም፤ የጋገሩትም እናትና አክስት ከሆኑ የበለጠ ይጣፍጣል። ጠጁ በብርሌ ይቅረብ። መሬቱ ላይ ቄጤማ ይጐዝጐዝ። አበባም ቢሆን በሆለታና በዝዋይ የሚበቅለው ጽጌረዳ ወደ ኤውሮጳ ገበያ የሚጫን ነውና፣ በወረቀት ወይም በፕላስቲክ የተሠራ አበባ የምንገዛበት ምክንያት የለም። ስለ ዘፈን የሆነ እንደ ሆነ፣ አርባ ሰው ባለበት ስፍራ የድምፅ ማጉያ አያስፈልግም። አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በሙሽሮቹና በእንግዶቹ ስም እየገጠመ ቢዘፍን፣ ሳቁ ለብዙ ዓመት ይወራል።

ስለ ጊዜ፦ ሁሉ በጥር ሲያገባ ድንኳኑም፣ ወጥ ሠሪዋም፣ አዳራሹም ዋጋው ይወደዳል። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ጾመ ነቢያት እስከሚገባበት እስከ ኅዳር 15 ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ግን ዝናሙ ያቆመበት፣ ምድር ገና ያልደረቀችበት፣ ሜዳው አረንጓዴ የሆነበት ወራት ነው። በሜዳና በሐይቅ ዳር ለሚጋባ ሰው ከዚህ የተሻለ ወራት አናውቅም።

ይህን ሁሉ ለሁለቱም ወገን ካቀረብን በኋላ የአባትየውን ዕዳ ነገር አነሣን። ሐሳቡን ያመጣችው ግን ልጂቱ ራስዋ ናት። «አባባ» አለች፤ «የሠርጌ ቀን ስምንት መቶ ሰው ቢመጣ አንተም እኔም የማንንም ፊት በደኅና አናይም። ያን ጊዜ ከእኛ ጋር ያለቀሱትን ሰዎች ዓይናቸውን እያየሁ በእጄ ላስተናግዳቸው እፈልጋለሁ። ከጫጉላ ስንመለስ ሦስት እሑድ እናድርገው። በየእሑዱ ጥቂት ጥቂት እየጠራን፣ እዚሁ በቤትህ።» ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ድንኳኑን ተውኩላችሁ፤ ነገር ግን ልጄ ከደጄ ትውጣ፤ ጐረቤቴም ሁሉ ሲወጣ ይያት» አሉ። በዚህም ነገሩ ተፈጸመ።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጧት ሙሽሪት የአባትዋን ጕልበት ስማ በበቅሎ ተቀመጠች። ጐረቤቱ ሁሉ በደጅ ቆሞ እልል አለ። በቅሎዪቱ እስከ ዋናው መንገድ አድርሳት ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በአውቶሞቢል ሄዱ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቢሾፍቱ፣ ከእሳተ ገሞራ ጕድጓድ ከተፈጠሩት ሐይቆች አንዱ በሆነው በባቦጋያ ዳር አርባው ሰው ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር።

አሁን ወደ ጫጉላ ጕዞ እንለፍ። ጫጉላ በአባቶቻችን ዘመን ጕዞ አልነበረም፤ ቤት ነበረ። ሙሽሮቹ ለብቻቸው ተከልለው፣ ሚዜዎች ምግብና መጠጥ እያቀረቡላቸው፣ ከሰው ዓይን ርቀው ይሰነብቱ ነበር። የዚህ ልማድ ምሥጢር ሁለቱ ሰዎች ያለ ተመልካች እንዲተዋወቁ ነው። ዛሬ ሙሽሮች ከጋብቻ በፊት ይተዋወቃሉ፤ ነገር ግን የሠርጉ ጥድፊያ አድክሟቸው ከአንድ ወር በላይ በደኅና ሳይነጋገሩ ይጋባሉ። ስለዚህ ስፍራ በሚመረጥበት ጊዜ «ስንመለስ ለሰው ምን እናሳያለን?» ብሎ ሳይሆን «እዚያ ተቀምጠን ምን እንነጋገራለን?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

የቀኑም ማነስ አያሳዝን። ንግሥት ቪክቶሪያ የመንግሥት ሥራ ስለ ያዛቸው በዊንድሶር ቤተ መንግሥት የቈዩት ሦስት ቀን ያህል ብቻ ነው። የእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ለሚያገባ ሠራተኛ የሚሰጠው ፈቃድ ሦስት የሥራ ቀን ነው። ከንግሥት ጋር የተካከለ ፈቃድ ያለው ሰው ሊያማርር አይገባውም።

ሦስት ቀን ላለው ሰው ወንጪን እንመክራለን። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ መቶ ኃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለ፣ በተራራ አናት ላይ የተቀመጠ ሐይቅ ነው። የአገሩ ሰዎች ፈረስ ያከራያሉ፤ ሐይቁንም በጀልባ ተሻግሮ በደሴቱ ላይ ያለውን ጥንታዊ የቂርቆስ ገዳም ማየት ይቻላል። ስፍራው በ2021 ዓ.ም. በኤውሮጳ አቈጣጠር፣ በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ዘንድ ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ብርዱ ብርቱ ስለ ሆነ ያን በርኖስ እዚህ ማውጣት ነው።

አንድ ሳምንት ያለው ሰው በባቡር ወደ ሐረር ይሂድ። የቀድሞው የምድር ባቡር በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ደግሞ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራውን ይዟል። ባቡሩ የሚነሣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የባቡር መልካምነቱ ነጂው ሌላ ሰው መሆኑ ነው፤ ሙሽሮቹ በመስኮት ቈላውን እያዩ ሲጫወቱ ይውላሉ። ከድሬ ዳዋ ወደ ሐረር ያለው የመኪና መንገድ ወደ ደጋው የሚወጣ ያማረ መንገድ ነው። በጁገል ቅጥር ውስጥ ያሉት ጠባብ መንገዶች፣ በየግድግዳው የተሰቀለው የሐረር ሴቶች ስፌት፣ ማታ ከቅጥሩ ውጭ ሥጋ የሚጐርሱት ጅቦች ሁሉ የሚያስደንቁ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ግን ለሙሽሮች የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ በቀድሞው የሐረሪ ቤት ውስጥ አዲስ ሙሽሮች ተከልለው የሚሰነብቱባት አንዲት ትንሽ ክፍል ነበረች፤ ምግባቸውም በትንሽ መስኮት ይቀበላሉ። የእኛ ጫጉላ ቤትና የእነርሱ ትንሽ ክፍል አንድ ሐሳብ መሆናቸውን እዚያ ቆሞ ማየት ደስ ያሰኛል።

ልብስዋ የተሸመነበትን አገር ማየት ለምትወድ ሙሽራ ደግሞ አርባ ምንጭ አለ። ከተማዪቱ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች ራስጌ ላይ ተቀምጣለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ተረተር የእግዜር ድልድይ ይባላል። በጫሞ ላይ በጀልባ ሄዶ አዞና ጕማሬ ማየት ይቻላል። ከዚያም ወደ ጨንቻ ተራራ ሲወጣ የሸማኔዎቹ የዶርዜዎች አገር ይገኛል። ቤታቸው በቀርከሃ የተሠራ፣ የዝሆን ራስ የሚመስል ረጅም ቤት ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ይሄዳል፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው አንሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውሩታል። ቤት የሚቆመው በጐረቤት ትከሻ መሆኑን ለአዲስ ባልና ሚስት ከዚህ አብልጦ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም።

መራመድ ለሚወዱ ሙሽሮች የባሌ ተራሮች ይስማማሉ። የሳነቴ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ የተባለው ጫፉም 4,377 ሜትር ይደርሳል። በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ እዚያ ጧት ጧት ሲያድን ይታያል፤ ከአምባው ሥር ባለው በሐረና ጫካ ውስጥ ደግሞ ቡና ሳይተከል ይበቅላል። ጸጥታና ውኃ ለሚመርጡም ጣና አለ፤ ከደሴቶቹ ገዳማት አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ክብራን ገብርኤል፣ ሴት የማይገባባቸው ስለ ሆኑ፣ ሙሽሪትን በጀልባ አስቀምጦ ብቻ መውረድ እንዳይመጣ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉትን ሁለቱም የሚገቡባቸውን አስቀድሞ መምረጥ ይገባል። ወደ የትኛውም ስፍራ ቢሆን ግን ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም ከአገሩ ሰዎች ጠይቆ መረዳት የባል የመጀመሪያ ሥራ ነው።

የደብዳቤያችን ሙሽሮች የመረጡት ባቡሩንና ሐረርን ነው። እኛ ከአርባዎቹ ዕድምተኞች አልነበርንም፤ በሁለተኛው እሑድ ግን ተጠርተን ሄድን። በግቢው ውስጥ ከዕድር የመጣ ወንበር ተደርድሯል፤ ድፎ ዳቦ፣ ጠላና ቡና ቀርቧል። ሙሽራው እጀ ጠባቡን ሰብስቦ ጠላ ይቀዳል። ሙሽሪት ያንኑ የሠርግዋን ጥበብ ለብሳ፣ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ከእንግዳ ወደ እንግዳ ትዞራለች። ያ ሰባት ቀን ያደረው ጐረቤት፣ ዛሬ ሸምግሎ በምርኵዝ የሚሄድ ሰው፣ ከአባትየው አጠገብ በክብር ተቀምጧል። ውኃውን በእጁ ላይ ስታፈስስ ቀና ብሎ አያትና፣ «ያን ጊዜ አልበላም ብለሽ አስቸግረሽኝ ነበር» አላት። እርስዋም እንጀራ ቈርሳ በወጥ ጠቅልላ፣ «እንግዲያስ ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው» ብላ አጐረሰችው። አባትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ስንወጣ ሽማግሌው እስከ ደጅ ሸኙንና፣ «ስምንት መቶ ሰው ጠርቼ ቢሆን ይህን አላየውም ነበር» አሉን። ወጣቱም ያለ ብድር ትዳሩን መጀመሩን ነገረን። ሁለቱም ዕዳዎች ተከፈሉ ማለት ነው።

እንግዲህ በዚህ በጥር ወር ልጆቻችሁን የምትድሩ ወላጆችና ለመጋባት የምታስቡ ወጣቶች ሆይ፣ የእንግዳውን ቍጥርና የልብሱን ቀለም ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ወረቀት አንሥታችሁ ውለታቸውን የምታስቡላቸውን ሰዎች ስም ጻፉ። እነርሱ በምን አኳኋን እንደሚከበሩ ከወሰናችሁ፣ በሐይቅ ዳር ወይም በተራራ ላይ፣ በበቅሎ ወይም በብስክሌት ብትጋቡ የሚነቅፋችሁ አይኖርም። ጋብቻችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ።